የሸሚዝ ቁልፍ ሰባሪዎች

የከተማችንን የሱርጃጋንጅን ሻይ ቤቶች ካመናችሁ፣ ልብስ አጣቢዋ ባታሲያ የጥንት ዕቃ ቁፋሮውን ሹም ዶክተር ኦጃን በሁለት እጇ አንሥታ ከድንጋይ ጋር እያላተመች ሦስት የጎን አጥንቱን ሰብራዋለች። ሦስት ያለው የአውቶቡስ መናኸሪያው ሻይ አፍይ ነው። ወሬው ፀጉር ቆራጩ ዘንድ ሲደርስ አምስት ሆኗል። ቤተ መቅደሱ ደጃፍ አበባ የምትሸጠዋ ሴት ደግሞ ሰውየው ግዋሊየር ሆስፒታል ተኝቶ በቱቦ ወተት እንደሚሰጡት ከአማቷ ሰምታለች። አማቷ ከማን እንደሰማች አልጠየቀቻትም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ወሬ ያበላሻል።

ሐሰት ነው። ባታሲያ የደበደበችው የዶክተሩን ሸሚዝ ነው። ዶክተሩ በዚያ ሰዓት ውስጡ አልነበረም፤ ሌላ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሃያ እርምጃ ርቆ፣ አፉን ከፍቶ ቆሞ ነበር። የተሰበሩትም አራት የሸሚዝ ቁልፎች ናቸው። ሰዉ ግን ነገሩን ያጋነነው ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። የዚያን ቀን ፊቷን ያየ ሁሉ፣ ሸሚዙ ውስጥ ሰው ቢኖርበትም እጇን እንደማትመልስ ገብቶታል።

ባታሲያ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሆኗታል፤ ባሏ ከሞተ ዘጠኝ። ቁመቷ አጭር፣ ትከሻዋ የወንድ፣ ምላሷ የማንም ያይደለ የራሷ ነው። እንግሊዞች የሠሩት አሮጌ ምሽግ ካለበት ኮረብታ ሥር አንድ ወንዝ ይወርዳል፤ በክረምት ወንዝ ነው፣ በበጋ ተስፋ። ዳሩ ላይ አሥራ አራት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ወደ ውኃው አዘቅዝቀው ተተክለዋል። እነዚህ የልብስ አጣቢዎቹ ድንጋዮች ናቸው። ድንጋይ ከአማት ወደ ምራት ነው የሚተላለፈው። የሌላን ቤት ድንጋይ ላይ ማጠብ የሌላን ሰው አልጋ ላይ እንደ መተኛት ይቆጠራል፤ በዚህ ምክንያት የተፈናከቱ ሰዎች አሉ። ባታሲያ አግብታ በመጣች በአምስተኛው ቀን አማቷ ወንዝ አውርዳ ከላይ ሦስተኛውን ድንጋይ አሳየቻትና፣ የጆሮሽን ወርቅ ባልሽ ሊሸጠው ይችላል፣ ይኼን ግን የሚሸጥብሽ የለም አለቻት። አማቷ በሕይወቷ የተናገረችው ደግ ቃል ይኸው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ጊዜውን ጠብቆ ውሸት ሆነ።

የልብስ አጣቢ ሁለተኛ ሀብቱ ምልክቱ ነው። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ምልክት አለው፤ ከአንድ የዱር ፍሬ በሚወጣ፣ ሲታጠብ በማይለቅ ጥቁር ጭማቂ የልብሱ ጠርዝ ውስጥ፣ ማንም በማያየው ቦታ ይነጠባል። የባታሲያ ቤት ምልክት ሦስት ነጥብና አንድ ዘንበል ያለ ሰረዝ ነው። የሆቴሉ አንሶላ ከሆስፒታሉ አንሶላ፣ የሠርግ ድንኳኑ ጨርቅ ከዳኛው ሱሪ ጋር ቢደባለቅ፣ ምልክቱ ታይቶ ሁሉም ወደየቤቱ ይመለሳል። በአጣቢዎች ዘንድ ከዚህ በላይ ሕግ የለም። ምልክቱ የታወቀ ነገር ለባለቤቱ ይመለሳል፤ አለቀ። ባታሲያ ዓለም በሙሉ በዚህ ሕግ የሚተዳደር ይመስላት ነበር። እዚህ ላይ ተሳሳተች፤ ስሕተቷንም እያነሱ እስከ ዛሬ ይሥቁባታል። እኔ እንኳ አልሥቅም።

ቁፋሮው የተጀመረው ከሦስት በጋ በፊት ነው። ዶክተር ኦጃ ተማሪዎቹንና ድንኳኑን ይዞ መጣ፤ ከምሽጉና ከሥሩ ከነበረው የወታደር ካምፕ መሬቱን በማንኪያ በሚመስል ነገር ይጭር ጀመር። የወጣው ምን መሰላችሁ፤ ሰይፍ የለ፣ ወርቅ የለ። የጠርሙስ ስባሪ፣ የሸክላ ፒፓ፣ የፈረስ ጫማ፣ ከአጥንት የተሠራ የጥርስ ብሩሽ፣ የሥጋ ቆርቆሮ፣ የቁማር ዳይስ፣ የዶሮ አጥንት። ከተማው አዘነ። ፀጉር ቆራጩማ፣ የእንግሊዝ ቆሻሻ ለማውጣት ዶክትሬት ካስፈለገ የኛ ጠራጊዎች ፕሮፌሰር ነበሩ አለ።

የወጣው ሁሉ መታጠብ ነበረበት። ተማሪዎቹ ሲያጥቡት የሚሰብሩት ከሚያጥቡት በለጠ። ያኔ የድንኳኑ ወጥ ቤት፣ ታች ወንዙ ዳር ከማጠብ ሌላ ምንም የማያውቁ ሰዎች አሉ አላቸው። እንዲህ ሆኖ ባታሲያ ጧት አንሶላ፣ ከሰዓት በኋላ ገል ማጠብ ጀመረች። ሳፋዋን ቀርባ ትቀመጣለች፤ እያንዳንዱን ነገር በጣቷ ትዳስሳለች፤ በለስላሳ ብሩሽ ታሻለች፤ ጥላ ላይ ታሰጣለች። አንድም ነገር አልሰበረችም።

ከጎኗ መለያ ጽሑፍ የሚጽፈው ጸሐፊ ሉቅማን ይቀመጣል። ቀጭን፣ ባለ መነጽር፣ ጥርሱ በጫት ሳይሆን በቡና ሳይሆን በፓን፣ በሚታኘክ ቅጠል፣ የቀላ ሰው ነው፤ «ካላ» ነው የሚላት፣ አክስቴ ማለቱ። ባታሲያ ማንበብ ስለማትችል እሱ የጻፈውን ያነብላታል፤ እሷ ደግሞ ትስቅበታለች። አንድ ቀን ከጉድጓዱ የወጣ የብረት ቁራጭ «የራስ ቁር ክፍል ሳይሆን አይቀርም» ተብሎ ተጻፈ። ባታሲያ ቁራጩን አገላብጣ አይታ፣ ይኼን ጭንቅላቱ ላይ ያደረገ ወታደር ካለ ጠላት ሳይደርስበት በሣቅ ሞቷል አለች። የከሰል ካውያ ክዳን ነው። ሮጣ ቤቷ ሄዳ የራሷን ካውያ አምጥታ ገጠመችው።

ዶክተር ኦጃ ጨዋ ሰው ነው። ለልብስ አጣቢም ለአውራጃ አስተዳዳሪም «እርስዎ» ይላል፤ ባታሲያን «አማጂ» ነው የሚላት፣ እናቴ እንደ ማለት። ካውያውን አይቶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገናት፤ ፎቶ አነሣት፤ ሉቅማንን አጻፈው። እሷም ይኼ ሰው የነገሩትን ይሰማል ብላ ወደደችው። ይኼን ወድጄው ነበር የሚለውን ቃል በኋላ ስትናገረው፣ እንትፍ ብላ ነው የምትናገረው።

ሦስተኛው በጋ ላይ ወንዙ ዳር፣ ከድንጋዮቹ አጠገብ አንድ ጉድጓድ ተከፈተ። ከውስጡ ቁልፍ ይወጣ ጀመር፤ የሸሚዝና የኮት ቁልፍ። ከአጥንት፣ ከዛጎል፣ ከነሐስ፣ ከእንጨት የተሠራ፤ አራት መቶ የሚጠጋ፤ የሚበዛው ለሁለት የተሰነጠቀ። ዶክተሩ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ለተማሪዎቹ የነገራቸውን ሉቅማን ለባታሲያ ነገራት፤ ከመቶ ስልሳ ዓመት በፊት፣ አገሬው በእንግሊዝ ላይ በተነሣበት በዓመፁ ዘመን፣ እዚህ ወንዝ ዳር ታላቅ የእጅ በእጅ ውጊያ ተደርጓል፤ የኛ ጀግኖች ከእንግሊዞቹ ጋር ደረት ለደረት ተናንቀዋል፤ ቁልፎቹ ከኮታቸው ላይ የተበጠሱት ያኔ ነው።

ጋዜጣ መጣ። ከክልሉ ዋና ከተማ ሰዎች መጡ። ቦታው የጀግኖች መናፈሻ እንዲሆን፣ በአጥር እንዲታጠር፣ ሐውልት እንዲቆምበት ተወሰነ። ከዚያም አንድ ጧት በባታሲያ ድንጋይ ትይዩ ካለችው የኒም ዛፍ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ሉቅማን ጉሮሮውን ጠራርጎ አነበበላቸው። ቦታው የጦር ሜዳ ስለሆነ ዛሬ የቀሩት ዘጠኙ የአጣቢ ቤተሰቦች ከመጋቢቱ የሆሊ በዓል በፊት ይለቃሉ። ምትክ ከመናኸሪያው ጀርባ የሲሚንቶ ገንዳ ይሠራላቸዋል።

የመናኸሪያው ጀርባ ያለው የቆዳ ፋብሪካው ቦይ ነው። እዚያ የታጠበ ነጭ አንሶላ የበሽተኛ ምላስ መስሎ ይወጣል። ሆቴሉ ለአንድ ሳምንት ይታገሥ ይሆናል፤ በሁለተኛው ሳምንት ማሽን ይገዛል። ይኼን ለማወቅ ማንበብ አያስፈልግም። ዘጠኝ ቤት ያለ ሥራ ሊቀር ነው።

«አሁን አራት መቶ የማይረባ ቁልፍ ነው ከአገሬ የሚነቅለኝ?» አለች ባታሲያ። ሉቅማን መነጽሩን ይጠርግ ነበር፤ ጠርጎ ጠርጎ አልጨርስ አለ።

የዚያኑ ሳምንት ሳፋዋ ውስጥ አንድ ትልቅ ገል ገባ። ልብስ የሚዘፈዘፍበት ጋን ከንፈር ነው፤ ጭቃው ሲለቅ ከጠርዙ በታች ሸክላው ሳይደርቅ የተቀረጸ ነገር ታየ። ሦስት ነጥብ፤ አንድ ዘንበል ያለ ሰረዝ። ባታሲያ ብሩሹን አስቀመጠች። እጇን በሳሪዋ አደረቀች። ገሉን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሦስቱን ነጥብ በአውራ ጣቷ አንድ በአንድ ዳሰሰች፤ ሳትሳደብ ስትቆይ ታማለች ብለው ውኃ አመጡላት።

ከዚያ ገሉን ይዛ ቀጥ ብላ ዶክተሩ ድንኳን ገባች። ይኼ የኔ ቤት ምልክት ነው አለችው። የባሌ አባት፣ የአባቱም አያት እዚህ ያጥቡ ነበር፤ ለዚሁ ምሽግ። ቦታው የጦር ሜዳ አይደለም፤ የልብስ ማጠቢያ ነው፤ ያኔም፣ ዛሬም።

ዶክተሩ በአጉሊ መነጽር አየው፤ በጣም ደስ የሚል ነው አለ። የሸክላ ሠሪው ምልክት ይሆናል። ወይም መቁጠሪያ።

«ሳሂብ፣ ሱሪዎን ይገልብጡ» አለችው ባታሲያ።

ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ተማሪዎች ቀና አሉ። ዶክተሩ ፊቱ ቀላ።

«ወገቡን ነው ያልኩት። የቀበቶው ማለፊያ ውስጥ። ሦስት ዓመት ሱሪዎን ሳጥብ ሌላ የማየው ያለ አይምሰልዎ።»

ገለበጠ። ሦስት ነጥብ፤ አንድ ዘንበል ያለ ሰረዝ፤ ጥቁር፣ የማይለቅ። ዶክተሩ ወገቡን አየ፣ ገሉን አየ፣ እንደገና ወገቡን አየ። ከዚያ በዚያ በተለመደ ጨዋነቱ እንዲህ አላት፤

«አማጂ፣ ሦስት ነጥብና ሰረዝ እኮ ቀላል ምልክት ነው። የአምስት ሺህ ዓመት ሸክላ ላይም ይገኛል። የአጋጣሚ ነገር ነው።»

ባታሲያ የመናደድ ልማድ አላት። በዋጋ ትናደዳለች፣ በአህያዋ ትናደዳለች፣ አሚዶ አብዝተህ ሸሚዜን ቆርቆሮ አደረግኸው ብሎ በሚያማርር ደንበኛ ትናደዳለች። እሱ ንዴት እንደ እንፋሎት ነው፤ ይወጣል፣ ያልቃል። አሁን የያዛት ግን ሌላ ነበር። አይወጣም፣ አያልቅም። ቤቷ ሄዳ ቂጣ ስትጋግር እንኳ ቂጣው ወፍራም ወፍራም እየሆነ አስቸገራት። መቶ ስልሳ ዓመት ሙሉ በጥቁር ቀለም ስማችንን ሱሪው ላይ ስንጽፍ፣ ለዚህ ሰው አጋጣሚ ነን አለች።

የአጣቢዎቹ አለቃ የባሏ ታናሽ ወንድም ጎቫርዳን ነው። «ባቢ» ነው የሚላት፣ የወንድሜ ሚስት ለማለት፤ በአገራችን እንዲህ ያሉት ዋርሳና የወንድም ሚስት መበሻሸቅ ግዴታቸው ነው። ጎቫርዳን ግን የዚያን ቀን ለመበሻሸቅ አልመጣም። ነገሩን እንድትተወው ሊለምናት ነው የመጣው።

«ባቢ፣ ዝም በይ። ሰዎቹ ጀግኖች ተዋጉ እያሉ ነው። አንቺ ተነሥተሽ የለም፣ የኛ አያቶች ለእንግሊዝ ቀሚስ ያጥቡ ነበር ልትይ ነው? ልጆቻችን ተማሪ ቤት ምን ሊባሉ ነው?»

«ምን ይባላሉ? ዛሬ ምን እየተባሉ ነው?»

«ያው ነው እንጂ…»

«ያው ከሆነ ምን አስፈራህ። እንግሊዙ ሱሪውን ያቆሸሸው ራሱ ነው፤ አያትህ አጠበለት። ከሁለቱ የሚያሳፍረው የማንኛው ነው?»

ጎቫርዳን ቢዲውን፣ በቅጠል የተጠቀለለ ሲጋራውን፣ ለኮሰ። ውጊያ ተደርጎበታል ባሉት ቦታ ልብስ ነው የታጠበበት ብንል፣ ባለሥልጣን ይናደዳል አላት። ይናደድ አለች፤ እኛ ብቻችንን ስንናደድ ኖረናል። ከዚያ ያንን ሕጓን ነገረችው። ምልክቱ የታወቀ ነገር ለባለቤቱ ይመለሳል። ወንዙ ዳር የአጣቢ ቦታ መሆኑን ካወቁ ወረቀቱን ከዛፉ ላይ ያነሣሉ፤ ሌላ ምን ያደርጉታል? ጎቫርዳን ቢዲውን አጠፋ፤ እሱም ያደገው በዚሁ ሕግ ነው።

የአውራጃው አስተዳዳሪ ቦታውን ልትጎበኝ የመጣችበት ቀን ፀሐይዋ ገና አልከረረችም ነበር። ወንበር ተደርድሯል። ቁልፎቹ በቀይ ከፋይ ጨርቅ ላይ ተሰድረዋል። ዶክተር ኦጃ ስለ ደረት ለደረት ውጊያው እያስረዳ ነበር። ሉቅማን በኋላ እንደሚለው፣ ሰውየው ሲያወራ የፈረሱ ኮቴ ሁሉ ይሰማ ነበር።

ባታሲያ ከሰው መሀል ብድግ አለች። በክንዷ የዶክተሩን ነጭ ሸሚዝ ይዛለች፤ ከሳምንቱ እጥበት የቀረ፣ የተተኮሰ፣ የታጠፈ። ወደ ድንጋይዋ ወረደች። ማንም አላስቆማትም፤ ልብስ አጣቢ ልብስ ይዛ ወደ ወንዝ ብትወርድ ማን ምን ይላል? ሸሚዙን ውኃ ውስጥ ነክራ አወጣችው። ከዚያ ለአስተዳዳሪዋ እየጮኸች አስረዳቻት።

«እመቤቴ፣ ይዩኝ። ደኅና አጣቢ እንዲህ አጥፎ ቁልፉን ወደ ውስጥ ያደርገዋል። ሥራ የበዛበት፣ ወይ የደከመው፣ ወይ ባለሸሚዙን የሚጠላ አጣቢ ግን እንዲህ አድርጎ ወደ ውጭ ይተወዋል።»

ሸሚዙን ከራሷ በላይ አዙራ ድንጋዩ ላይ አሳረፈችው። አንድ። የወንዙ ማዶ ኮረብታ ድምፁን መለሰው። ሁለት። ሦስት። ከዚያ በኋላ የሚቆጥር አልነበረም። ስድብ የቀላቀለ ትንፋሽ ነበር የሚሰማው፤ ስድቡ ለማን እንደሆነ ሸሚዙ ብቻ ያውቃል። የሚመለከቱት ፖሊሶች እርስ በርስ ተያዩ። ዶክተሩ ኮሌታውን የያዘችው መስሎት ይሁን ሌላ፣ አንገቱን ዳሰሰ።

ስትጨርስ ጎንበስ ብላ ከድንጋዩ ሥር ለቀመች። አራት ቁልፍ፣ ስምንት ግማሽ። ወደ ላይ ወጥታ ግማሾቹን ከቀዩ ከፋይ ላይ፣ ከአሮጌዎቹ ጎን አንድ በአንድ ደረደረቻቸው። ስብራቱ አንድ ዓይነት ነው፤ በክሩ ቀዳዳዎች መሀል ለሁለት።

«ሰው ሰውን አንቆ ሲጎትት ቁልፍ ከነክሩ ይነቀላል፤ ሙሉውን» አለች፤ አሁን ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «ለሁለት የሚሰነጥቀው ድንጋይ ነው። እነዚህን የሰበረው ጀግና አይደለም። እኛ ነን። ጉድጓዱም የቁልፍ መጣያችን ነው።»

አስተዳዳሪዋ መነጽሯን አወለቀች። አንድ የአጥንት ግማሽና አንድ የፕላስቲክ ግማሽ አንሥታ ገጠመቻቸው። ዶክተር ኦጃን ቀና ብላ አየችው።

እውነቱን መናገር ያስፈልጋል፤ ሰውየው አልዋሸም፣ አልተከራከረም። ጎንበስ ብሎ ቁልፎቹን አየ፤ ገሉን አስመጣ፤ የሱሪውን ወገብ እዚያው በሰው ፊት ገልብጦ ከገሉ ጋር አስተያየ። ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እኔ ተሳስቻለሁ አለ፤ በሦስት ቋንቋ አለው። አማጂ ትክክል ናቸው። ይኼ የጦር ሜዳ አይደለም፤ የጦር ሜዳማ በየቦታው ሞልቷል። የምሽግ ልብስ አጣቢዎች ቦታ ግን ከነድንጋዩ፣ ከነጋኑ፣ ከነምልክቱ እሱ እስከሚያውቀው ድረስ የትም አልተገኘም።

ዝቅ ብሎ እግሯን ነካ። እንደ ዶክተሩ ያለ ብራህማን፣ ከሁሉ የበላይ የሚባል ዘር፣ የአጣቢ እግር ሲነካ ሱርጃጋንጅ አይቶ አያውቅም። ጎቫርዳን ቢዲው ጣቱን እስኪያቃጥለው ድረስ እንደያዘው ቀረ። ያን ቀን ሠፈሩ ጥቁር ስኳር አከፋፈለ፤ አህያዋ እንኳ ድርሻዋን አገኘች። ባታሲያ አልሣቀችም፤ ግን ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቂጣዋ ቀጭን ወጣ።

በሁለተኛው ሳምንት አዲስ ወረቀት መጣ። ሉቅማን በልቡ አንብቦ አጠፈው።

«አንብበው እንጂ» አለችው።

«ካላ፣ ሻይ እንጠጣ መጀመሪያ።»

«ሉቅማን።»

አነበበው። የጀግኖች መናፈሻ ቀርቷል። ቦታው በአገሪቱ ብርቅ የሆነ የልብስ አጣቢዎች ቅርስ መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ ከማንኛውም ጉዳት መጠበቅ አለበት። ድንጋዮቹ ላይ ልብስ ማጠብ፣ ሳሙና መጠቀም፣ አህያ ማሠር ከዛሬ ጀምሮ ክልክል ነው። አጥሩ ቀደም ሲል ከታሰበው በሃያ ሜትር ይሰፋል።

ባታሲያ ደግመህ አንብበው አለችው። ደገመው። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብላ በጀርባውም አየችው፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ጀርባውም ያው ነው።

ዶክተሩ ዘንድ ሄደች። ሰውየው አስቀመጣት፤ ሻይ አስቀዳላት፤ እየለዘበ አስረዳት። ድንጋዩ መሀል የሰረጎደው ጉድጓድ የመቶ ስልሳ ዓመት እጅ ነው አማጂ፤ በየቀኑ ብንደበድበው ይጠፋል። ባታሲያ ሰማችውና፣ ጉድጓዱን የሠራው ድብደባው አይደለም ወይ አለችው። ልክ ነዎት አላት። እኔ ሳልደበድበው ድንጋይ ብቻ ነው አለችው። ይኼም ልክ ነው አላት። ልክ ነኝ ካልክ ድንጋዬን መልስልኝ አለችው፤ ያን ጊዜ «እርስዎ» ቀርቶ ነበር። ዶክተሩ ዓይኑን ወደ ሻዩ አወረደ። ከኔ እጅ ወጥቷል አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉ የሠፈር ሴቶች በማግሥቱ ተገኙ፤ ሁሉን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ከነገሩ በኋላ አይጠፋም።

ከሆሊ በኋላ ባለ ክንድ መኪና መጣ። ከአሥራ አራቱ ድንጋዮች አንዱ፣ ጉድጓዱ ከሁሉም የጠለቀው፣ ኮረብታው ላይ ለሚከፈተው አዲስ የቅርስ አዳራሽ ተመርጧል። ከላይ ሦስተኛው። በሰንሰለት አሥረው ሲያነሡት ከሥሩ እርጥብ መሬትና ሁለት ሸርጣን ታዩ። ጎቫርዳን ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። ባታሲያ ግን መኪናው ኮረብታውን ወጥቶ እስኪሰወር ድረስ ቆማ አየችው፤ ስለ ሰንሰለቱ አስተሣሠር ሠራተኞቹን ሁለት ጊዜ ሰደበቻቸው፣ ጠርዙን እንዳይሸርፉት።

ሦስት የአጣቢ ቤቶች ወደ ግዋሊየር ሄዱ። ሆቴሉ ማሽኑን የገዛው በአሥረኛው ቀን ነው፤ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም። ባታሲያ የሆስፒታሉን አንሶላ ይዛ የሲሚንቶ ገንዳው ላይ ታጥብ ጀመር። ውኃው እንደፈራችው ነው።

አዳራሹ የተመረቀው በሚያዝያ ነው። ባታሲያ የክብር እንግዳ ተብላ ተጠራች። መጀመሪያ አልሄድም ብላ ነበር፤ በኋላ ድንጋዬን ላየው ብላ ሄደች። ድንጋዩ በገመድ ታጥሮ፣ መብራት ተደርጎበት፣ ደርቆ ቆሟል። ደርቆ አይታው ስለማታውቅ ሌላ ድንጋይ መስሏት ዞር ዞር አለች። ቁልፎቹ በመስታወት ውስጥ ናቸው፤ የዶክተሩ ሸሚዝ ቁልፎች ስምንት ግማሾች እንኳ ከጎናቸው ገብተዋል። ድንጋዩ ሥር የናስ ሰሌዳ አለ። ሉቅማንን በክርኗ ነካችው። እሱ አልጻፈውም፤ ከዋናው ከተማ ተሠርቶ የመጣ ነው።

«ምን ይላል?»

ሉቅማን ጎንበስ ብሎ አነበበ።

«‘ስሙ ያልታወቀ ልብስ አጣቢ ድንጋይ’ ይላል፣ ካላ።»

ከዚያ በኋላ ሻሽ አለበሷት፤ የኮኮናት ፍሬ አስያዟት፤ አስተዳዳሪዋ አጨበጨበች፤ ዶክተር ኦጃ እግሯን ለሁለተኛ ጊዜ ነካ። ሁለት ቃል እንድትናገር ድምፅ ማጉያው ተሰጣት። አዳራሹ ሞልቷል፤ የመናኸሪያው ሻይ አፍይ አለ፣ ፀጉር ቆራጩ አለ፣ አበባ ሻጯ ከነአማቷ አለች። ባታሲያ ኮኮናቱን መሬት ላይ አስቀመጠች። ድምፅ ማጉያውን እንደ መደብደቢያ ዱላ ጨብጣ ያዘችው። ወሬ የማያልቅበት ከተማ፣ ያን ቀን የሰማውን ግን እስከ ዛሬ ሲያነሣው አልሰማሁም።

«እንግሊዞቹ እየሰደቡን ድንጋያችንን ተዉልን። እናንተ እያከበራችሁን ወሰዳችሁት። እስኪ ንገሩኝ፣ ድንጋዬ እንዲመለስልኝ ማንን ልለምን፤ ማን ይስደበኝ?»